ባለ 22 ወይስ ባለ 27?

ጓደኛዬ የሸራ ጀልባ ካልገዛሁ ብሏል። ዛሬ ሜሪላንድ ውስጥ ወዳለችው የወደብ ከተማ አናፖሊስ ወርደን ካታሊና የሚባል ስሪት ያላቸው ሁለት ያገለገሉ ጀልባዎች አየን። አንዷ ባለ 22 ጫማ፣ ሌላዋ ባለ 27።

ልዩነቱ 5 ጫማ ብቻ ይመስላል። ግን ትንሿ 1 ቶን ገደማ ስትመዝን ትልቋ ከ3 ቶን ታልፋለች! ትልቋ ውስጥ ቀጥ ብለህ ትቆማለህ። ምድጃ አላት፣ መኝታዋም ሰፊ ነው። ጓደኛዬ ጋደም ብሎ አልነሳም አለ። ትንሿ ውስጥ ግን ሁሉ ነገር በጉንበሳ ነው።

እኔ ልቤ ወደ ትንሿ ነው። ከሆዷ ስር ያለው ከባድ ብረት በእጅ እየተጠመዘዘ ወደ ላይ ይሰበሰባል፤ ያኔ 2 ጫማ ውሃ ይበቃታል። አናፖሊስ ያለችበት ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ደግሞ ጥልቀቱ በአማካይ 21 ጫማ ገደማ ቢሆንም ዳር ዳሩ ጥልቀት የሌለው ጭቃ ነው። የትልቋ ብረት አይነቃነቅም፣ 4 ጫማ ይፈልጋል። ትንሿን በተጎታች ጋሪ ጭነህ ቤትህ ድረስ ታመጣታለህ፣ ክረምቱን ደጅህ ታቆማታለህ። ትልቋ ግን ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ) ትቀመጣለች፣ ኪራዩም አብዛኛውን ጊዜ በጀልባዋ ርዝመት፣ በጫማ ነው የሚታሰበው። ሸራውም፣ ቀለሙም፣ ገመዱም አብሮ ይጨምራል። ሰው የመግዣውን ዋጋ ብቻ ነው የሚያየው።

እውነት ለመናገር፣ የበጋው የከሰዓት ነጎድጓድ ድንገት ሲመጣ ከባዷ ላይ መሆን ይሻላል። በዚህ አልከራከርም።

እየተጨቃጨቅን ሚስቱ ደወለች። ስለ ነፋሱም፣ ስለ ጥልቀቱም፣ ስለ ኪራዩም አልጠየቀችም።

«ሽንት ቤቱ በር አለው?»

ያለው የትልቋ ነው። እንግዲህ ሰኞ ባንክ ሊሄድ ነው።