ማሰሪያ አንቀጹን ማን ያነባል?

አለቃችን ሲጽፉ አራት ነጥብ አይወዱም። አንዴ ከጀመሩ ዓረፍተ ነገሩ የሚያልቀው እሳቸው ሲደክማቸው ነው። ሐሙስ ማታ በሥራ ግሩፓችን ላይ የለቀቁት መልእክት እንዲህ ይላል፦

«ውድ ባልደረቦቼ፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ሁላችንም ነጭ ሸሚዝ ለብሰን በዋናው በር ፊት ለፊት የጋራ ፎቶ እንድንነሳ ቀደም ሲል ያሳወቅኋችሁ ፕሮግራም፣ ፎቶ አንሺው ባጋጠመው ድንገተኛ ጉዳይ ምክንያት ላልተወሰነ ጊዜ መራዘሙን በአክብሮት እገልጻለሁ።»

እኔ ያነበብኩት፦ ቅዳሜ፣ 2 ሰዓት፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ፎቶ። ወዲያው አውራ ጣት ላክሁ። ከሁሉም ቀድሜ! እንዲያውም ሌሎቹ ሲዘገዩ «እነዚህ ሰዎች ለሥራ ግድ የላቸውም» ብዬ ታዝቤአቸዋለሁ።

ቅዳሜ ሸሚዜን ተኩሼ፣ ጫማዬን ወልውዬ ከች አልኩ። ሰው የለም። መኪና የለም። ፎቶ አንሺማ ጭራሽ። ጥበቃው ጋሼ ብቻ ክፍላቸው ውስጥ ተቀምጠው ዳጎስ ያለ መጽሐፍ ያነባሉ። ጣታቸው ከመስመሩ ሥር ቀስ እያለ ይሄዳል።

«ምነው ልጄ፣ ሚዜ ነህ እንዴ?» አሉኝ ቀና ብለው።

«ፎቶ አለብን እኮ ጋሼ። ሌሎቹ አልመጡም?»

«የምን ፎቶ?»

መልእክቱን ከፍቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አስተካከሉና ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። «ቅዳሜ» ሲሉ ራሴን ነቀነቅኩ። «ነጭ ሸሚዝ» ሲሉ ወደ ደረቴ ጠቆምኩ። «ፎቶ» ሲሉ «ይኸው!» አልኩ። እሳቸው ግን አላቆሙም። የፈለጉትን ካገኙ በኋላ ምን ያስቀጥላል? ፎቶ አንሺው ጋ ደረሱ፣ ድንገተኛ ጉዳዩን አለፉ፣ «መራዘሙን» ላይ ሲደርሱ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ተራዝሟል ይላል፣ ልጄ።»

«የት ጋ?»

«እዚህ ጋ። መጨረሻው ላይ።»

«ታዲያ ለምን መጀመሪያ ላይ አይሉም?»

ይህ ጥያቄ እስካሁን መልስ አላገኘም።

ጋሼ ወንበር ሳቡልኝ። እኔም ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማጣራት ስልኬ ውስጥ ገባሁ። ብዙም ሳልሄድ ጠበቃ አገኘሁ። ጃኮብ ኒልሰን የሚባል የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የ232 ሰዎች ዓይን ድረ ገጽ ላይ የት የት እንደሚሄድ በመሣሪያ ተከታትሎ ያገኘውን ጽፏል። ሰዎቹ የላይኛውን መስመር ወደ ቀኝ ሄድ ብለው ያያሉ። ትንሽ ወረድ ይሉና ሌላ መስመር፣ ያውም አጠር አድርገው፣ ያያሉ። ከዚያ በኋላ በግራው ጠርዝ ቁልቁል መንሸራተት ነው። የዓይናቸው መንገድ ሲሳል ኤፍ የምትባለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ይሠራል።

እንግሊዝኛ ለሚያነብ ሰው ይሄ ያን ያህል አይከፋም። ግሡ ቶሎ ይመጣለታል። አማርኛ ግን ማሰሪያ አንቀጹን የሚወሽቀው ጥግ ላይ ነው። ሰውየው ይምጣ ይቅር፣ ነገሩ ይፈቀድ ይከልከል፣ ሹሙ ይሾም ይሻር የሚታወቀው አራት ነጥቡ አፍንጫ ሥር ሲደረስ ብቻ ነው። እንግዲህ አማርኛን በኤፍ ቅርጽ ያነበበ ሰው ማን እንደሆነ ያውቃል፣ የት እንደሆነ ያውቃል፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ ያውቃል። ምን እንደሆነ ብቻ አያውቅም። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ በር ላይ ይገተራል።

ይህን ለጋሼ ላስረዳ አፌን ስከፍት ስልኬ ጢን አለ። አንድ ሰው ድመት ደረጃ ስትወርድ የሚያሳይ ቪዲዮ ልኳል። ድመቷን አየሁ። ከሥሯ ሌላ ድመት መጣች። ከዚያ ውሻ። ከዚያ አንድ ሰውዬ ያለ መዶሻ ምስማር ሲመታ። ቀና ስል ጋሼ አዲስ ምዕራፍ ጀምረዋል።

«ምን ልትለኝ ነበር?»

«እ... ስለ ድመት።»

ለዚህም ጠበቃ አለኝ። ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን ውስጥ ግሎሪያ ማርክ የምትባል ተመራማሪ ሰዎች አንድ ስክሪን ላይ ምን ያህል እንደሚቆዩ ስትለካ ኖራለች። እ.ኤ.አ. በ2004 በአማካይ 2 ደቂቃ ተኩል ነበር። በቅርብ ዓመታት 47 ሰከንድ ሆኗል። ከሥራው የተቋረጠ ሰው ወደዚያው ሥራ እስኪመለስ ደግሞ 23 ደቂቃ ገደማ እንደሚወስድበት የምትናገረውም እሷው ናት። 23 ደቂቃ ተጉዤ ደርሼ 47 ሰከንድ ልቆይ? አዋጪ አይደለም። ባልመለስ ይሻላል።

በዚያ ላይ መጨረሻውን ራሱ ወስደውብናል። ድሮ ድረ ገጽ ያልቅ ነበር። ታች ስትደርስ ይቆማል፣ ለመቀጠል «ቀጣይ» የሚለውን መጫን አለብህ፤ በዚያች ቅጽበት ትነቃለህ። እ.ኤ.አ. በ2006 አዛ ራስኪን የሚባል ዲዛይነር ሳያልቅ የሚወርድ ገጽ ሠራ። ኋላ ላይ ራሱም ተጸጽቷል። እስኪጸጸት ድረስ ግን የኔ ዓይን መጨረሻ የሚባል ነገር ረስታለች። አሁን የዓረፍተ ነገር መጨረሻ ፈልጊ ብትባል ከየት ታመጣለች?

ጋሼ ክርክሬን ሰምተው ሲያበቁ መጽሐፋቸውን አቀበሉኝ። «እስቲ አንድ ገጽ አንብብና ስጠኝ። ስልክህን እዚያ አድርገው።»

በፊቱ ደፋሁትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። እሱም አይበቃም ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የእነ አድሪያን ዋርድ ጥናት፣ ስልካቸውን ሌላ ክፍል የተዉ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጡት የተሻለ ውጤት እንዳመጡ አሳይቶ ነበር፤ ስልኩ ድምፁ ጠፍቶ እንኳ። በኋላ የደገሙት ሁሉ ያንኑ አላገኙም እንጂ። እኔ ግን አገኘሁ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ጭኔ ላይ የነዘረኝ መሰለኝ። ስልኩ እኮ ኪሴ ውስጥ የለም።

እንደምንም ገጹን ጨረስኩ ማለት ይቻላል።

«ምን እያደረግህ ነው?» አሉ ጋሼ።

ወደታች አየሁ። አውራ ጣቴ ወረቀቱን ወደ ላይ እየገፋ ነው።

ከዚህ ያዳነኝ በሩ ነው። የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ገባች። ነጭ ሸሚዝ! ወዲያው ሹፌራችን ተከተለ፣ ነጭ ሸሚዝ ከነክራቫቱ። በመጨረሻ የኮሙኒኬሽን ኃላፊያችን ራሱ እያለከለከ ደረሰ። «አረፈድኩ?» አለ። የመሥሪያ ቤቱን መልእክት የማስተላለፍ ኃላፊነት ያለበት ሰው ነው፣ ልብ በሉልኝ።

«መልእክቱ ምን ይላል?» አልኳቸው አውቄ።

«ግሩፑ ላይ አለ እኮ» አሉ ሦስቱም በአንድ አፍ።

ይቺን ደግሞ እነ ቤትሲ ስፓሮው የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 አሳይተዋታል። ሰው መረጃው ኮምፒዩተር ላይ እንደሚቀመጥለት ካመነ፣ ከነገሩ ይልቅ ነገሩ ያለበትን ቦታ ያስታውሳል። ግሩፑ ላይ አለ። አለማ!

ለብሰን ከመጣን አይቀር ብለን ተደረደርን። ጋሼ በኔ ስልክ አነሱን። እንደሚያነቡት ነው የሚያነሱት፣ ቀስ ብለው፣ አንድ በአንድ እያዩ። ክራቫት አስተካከሉ፣ ኮሌታ አቀኑ፣ «ስልክ ኪስ!» ብለው አዘዙ። ማመን አቃተን፤ ፎቶው ቆንጆ ወጣ።

ሰኞ አለቃችን አይተው በጣም ወደዱት። የመሥሪያ ቤቱ ገጽ ላይ እንዲወጣ አደረጉ። መልእክቱን እስከ መጨረሻ ያነበቡት በሙሉ የሉበትም። አንዳንዶቹ አኩርፈዋል፤ «እኛስ?» ይላሉ። ምን ላድርጋቸው፣ ሲጠሩ አልመጡ።

ከፎቶው ሥር አለቃችን ራሳቸው የጻፉት ረጅም ጽሑፍ አለ። «በዕረፍት ቀናቸው ሳይቀር በሥራ ቦታቸው የተገኙት አራቱ ትጉሃን ባልደረቦቻችን» ብሎ ይጀምራል። አውራ ጣት ሰጥቼዋለሁ።