138 ከማን ጋር ሲነጻጸር? የኢንተርኔት አይኪው ፈተናዎችን ውጤት ማንበብ የተማርኩበት መንገድ

አንድ ምሽት ሥራ ፈትቼ ስልኬን ስነካካ ያገኘሁትን የአይኪው (የማሰብ ችሎታን በቁጥር የሚገልጽ) ፈተና ወስጄ 138 አመጣሁ። ፈተናው 30 ጥያቄዎች የነበሩትና በ20 ደቂቃ የሚያልቅ ሲሆን፣ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም በተደረደሩ ቅርጾች መካከል የጎደለውን መርጦ ማሟላትን የሚጠይቁ ነበሩ። ውጤቱን ለማየት የኢሜይል አድራሻ፣ የምስክር ወረቀቱን ለማግኘት ደግሞ ገንዘብ ይጠየቅ ነበር። ገንዘቡን አልከፈልኩም፤ ቁጥሩን ለታናሽ እህቴ ለመንገር ግን አልዘገየሁም። በሳምንቱ ይህንኑ ደስታ ለመድገም ሌላ ፈተና ወሰድኩና 117 አገኘሁ። በሰባት ቀን ውስጥ 21 ነጥብ ያህል ደንቁሬ ሊሆን ስለማይችል፣ ከሁለቱ ቁጥሮች ደስ ያሰኘኝን ከመያዝ ይልቅ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ወሰንኩ።

በቅድሚያ ያደረግሁት ነገር ቀላል ነበር። ሦስተኛ ፈተና ከፍቼ ጥያቄዎቹን ሳላነብ በሁሉም ላይ የመጀመሪያውን አማራጭ ነካሁ። ውጤቱ 104 ሆነ፤ ከሥሩም «ከአማካይ በላይ ነዎት» የሚል የእንኳን ደስ ያለዎት መልእክት ነበር። አንድም ጥያቄ ያላነበበን ሰው ከአማካይ በላይ የሚያስቀምጥ ፈተና ቁጥሩን ከመለኪያ ሳይሆን ከደንበኛ ማስደሰቻ እንደሚቀዳ ግልጽ ስለሆነ፣ እርሱን ከዝርዝሬ አወጣሁት። ይህ ዓይነቱ ሙከራ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚፈጅ በመሆኑ፣ ዛሬም አንድ ፈተና ሲያጋጥመኝ ከሁሉ አስቀድሜ የማደርገው ይህንኑ ነው።

የቀሩትን ሁለቱን ለመረዳት ግን ቁጥሩ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ነበረብኝ። አልፍሬድ ቢኔ እና ቴዎዶር ሲሞን እ.ኤ.አ. በ1905 በፓሪስ የመጀመሪያውን ፈተና ሲያዘጋጁ ዓላማቸው በትምህርት ልዩ እገዛ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች መለየት እንጂ ለአዋቂ ሰው ማዕረግ መስጠት አልነበረም። በ1912 ጀርመናዊው ዊልያም ስተርን የልጁን «የአእምሮ ዕድሜ» ለትክክለኛ ዕድሜው ማካፈልን ሐሳብ አቀረበ፤ በ1916 ደግሞ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሉዊስ ተርማን ውጤቱን በ100 እያባዛ ማቅረብን አስለመደ። በዚህ ስሌት የ12 ዓመት ልጆችን ጥያቄ የሚመልስ የ10 ዓመት ልጅ 120 ያገኛል። ለልጅ ያስኬዳል፤ ለ40 ዓመት ሰው ግን «እንደ 60 ዓመት ሰው ያስባል» ማለት ትርጉም የለውም። ስለዚህ ዴቪድ ዌክስለር በ1939 ባወጣው የአዋቂዎች ፈተና ማካፈሉን ተወና ሰውየውን ከእኩዮቹ ጋር ማነጻጸርን መረጠ፤ የእኩዮቹ አማካይ 100 ተባለ፤ የተፈታኙ ነጥብ ከዚህ አማካይ በስንት እርምጃ እንደሚርቅ ተቆጠረ። ስለዚህ ዛሬ አይኪው የሚባለው ቁጥር ስሙ ከድሮው ማካፈል የተወረሰ ቢሆንም («የማሰብ ችሎታ ክፍፍል ውጤት» የሚል የእንግሊዝኛ ሐረግ ምህጻር ነው) በተግባር የደረጃ ቁጥር ዘመድ ነው። እንደ ኪሎ ወይም እንደ ሜትር ለብቻው የሚቆም መጠን የለውም።

የእኔም ችግር ግማሹ እዚሁ ላይ ተፈታ። የእርምጃው ስፋት፣ በስታቲስቲክስ ቋንቋ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን የሚባለው፣ በሁሉም ፈተናዎች አንድ ዓይነት አይደለም። በዌክስለር ፈተናዎች 15 ነው፤ ተርማን የቢኔን ፈተና አሻሽሎ ካወጣው በመነጩት፣ በቆዩት የስታንፎርድ ቢኔ ፈተናዎች 16 ነበር፤ ካቴል በሚባለው ሌላ ፈተና መለኪያ ደግሞ 24 ነው። የመጀመሪያውን ፈተና ማብራሪያ ወደ ታች ወርጄ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ሳነብ መለኪያው 24 እንደሆነ አገኘሁ። 138 ከ100 በ38 ይርቃል፤ 38ን ለ24 ሳካፍል 1.58 ገደማ ሆነ፤ ይህንን በ15 ሳባዛ ወደ 24 ተጠጋ። በተለመደው መለኪያ የእኔ 138 በእርግጥ 124 ነበር ማለት ነው። በ24 መለኪያ 148 የተባለ ሰውና በ15 መለኪያ 130 የተባለ ሰው አንድ ደረጃ ላይ እንደሚቆሙ ሳውቅ፣ ሰዎች መለኪያውን ሳይጠቅሱ ቁጥር እየጠሩ የሚከራከሩበትን ክርክር ሁሉ እንደ ከንቱ ድካም መቁጠር ጀመርኩ።

የሁለተኛውን ፈተና 117 በ15 መለኪያ እንደተሰጠ ከወሰድነው፣ ልዩነቱ ከ21 ወደ 7 ወረደ። የቀረው 7 ደግሞ የስህተት ወሰን ጉዳይ ሆነ። የትኛውም ፈተና አንድን ሰው ሁለት ጊዜ ሲለካ ሁልጊዜ ያው ቁጥር አይወጣም፤ እንቅልፍ፣ ድካም፣ ዕድልና ግምት ሁሉ ይገቡበታል። የአስተማማኝነት መጠኑ (ውጤቱ ሲደገም ምን ያህል እንደሚጸና ከ0 እስከ 1 የሚያሳየው ቁጥር) 0.90 የሆነ ጥሩ ፈተና እንኳ፣ በ15 መለኪያ ሲሰላ፣ ወደ 5 ነጥብ የሚጠጋ መደበኛ ስህተት አለው፤ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ለመናገርም በሁለቱም ወገን 9 ነጥብ ያህል ክፍት መተው ያስፈልጋል። 117 ማለት እንግዲህ «ከ108 እስከ 126 ባለው ውስጥ» ማለት ነው፤ 124ም እዚያው ውስጥ ይገኛል። ሁለቱ ፈተናዎች ለካስ አልተጣሉም ነበር። ይህም ለኢንተርኔቱ ፈተና የጥሩ ፈተናን ያህል አስተማማኝነት በነጻ ሰጥቼው ነው፤ የትኛውም የራሱን መጠን አልገለጸም።

ከዚህ በኋላ የቀረኝ ጥያቄ በርዕሱ ላይ ያስቀመጥኩት ነው። በባለሙያ የሚዘጋጅ ፈተና ከመውጣቱ በፊት በዕድሜ፣ በጾታና በትምህርት ደረጃ ሕዝቡን እንዲወክሉ ለተመረጡ ብዙ ሰዎች ይሰጣል፤ 100 የሚባለው የእነርሱ አማካይ ነው። በኢንተርኔት የሚገኙት ግን፣ ከማን ጋር እንደሚያነጻጽሩ ከገለጹ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነጻጽሩት ከራሳቸው ጎብኚዎች ጋር ነው፤ ጎብኚዎቹም እንደ እኔ እንቆቅልሽ የሚወዱና ፈቅደው የመጡ ናቸው። የንጽጽር ቡድኑ ሲያረጅም ነገሩ ይበላሻል። ጄምስ ፍሊን በ1984 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ በአሜሪካ ውጤቶች በየአሥር ዓመቱ 3 ነጥብ ያህል ከፍ ሲሉ ስለነበር፣ በቆየ ቡድን የሚለካ ሰው ሳይገባው ከፍ ብሎ ይታያል።

እጅግ ከፍተኛ ቁጥሮችን በተመለከተ ደግሞ ስሌቱ ራሱ ይመሰክራል። በ15 መለኪያ ከሰው 68 በመቶው ከ85 እስከ 115 ባለው ውስጥ ይገኛል፤ ከ130 በላይ የሚሆነው ከ100 ሰው ሁለት ያህል ነው፤ 160 ግን ከ30,000 ሰው አንድ እንኳ የማይደርስበት ከፍታ ነው። በ30 ጥያቄ ይህን ሰው ከ150ው ሰው መለየት አይቻልም። እንዲህ ያለ ቁጥር የሚያድል ፈተና ሳይ ገጹን እዘጋለሁ።

አንድ ስህተትም ሠርቻለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያውን ፈተና ደግሜ 149 አመጣሁና ለአንድ ቀን ያህል የመሻሻል ምልክት አድርጌ ቆጠርኩት። የተሻሻለው ግን የፈተናው ብልሃት ላይ ያለኝ ልምድ ነበር፤ ቅርጾቹ በየረድፉ ሩብ ዙር እንደሚዞሩ፣ ሁለት ሥዕሎች ሲደራረቡ የጋራ መስመራቸው እንደሚጠፋ አስቀድሜ አውቄ ነበር። እነዚህ ጥያቄዎች በአብዛኛው በ1938 የወጣውን የሬቨን ፈተና አሠራር የሚከተሉ ስለሆኑ አንዱን የለመደ ሌላውም ይቀለዋል። ስለዚህ ዋጋ የሚኖረው የመጀመሪያው ሙከራ ብቻ ነው። በተጨማሪም የሚለኩት አንድ ዓይነት ችሎታን ነው፤ በባለሙያ ፊት የሚሰጠው ሙሉ ፈተና የቃላት ግንዛቤን፣ መረጃን በአእምሮ ይዞ መሥራትንና ፍጥነትን ጭምር ለየብቻ ይመዝናል፤ ውጤቱንም ከስህተት ወሰኑ ጋር ያቀርባል። ለትምህርት ወይም ለሕክምና ውሳኔ ውጤት የሚያስፈልገው ሰው መሄድ ያለበት ወደዚያ ነው።

በቅርቡ እህቴ ደወለችልኝ፤ በነገርኳት ቁጥር ተነሳስታ ፈተና ወስዳ 96 አግኝታለች። «ከአማካይ በታች ነኝ እኮ» አለችኝ። የት ሆና እንደወሰደችው ስጠይቃት ልጇን እያስተኛች፣ ጥያቄዎቹም በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ያልተጻፉ እንደነበሩ ነገረችኝ። የእርሷ 96 በጥሩ ፈተና የተገኘ ቢሆን እንኳ ከ87 እስከ 105 እንደሚዘረጋ፣ አማካዩም እዚያው ውስጥ እንደሚቀመጥ አስረዳኋት። ዝም ብላ ከሰማችኝ በኋላ «እና ያንተ 138 ስንት ነው አሁን?» አለችኝ። 124 ነው፣ እርሱንም የሚያረጋግጥልኝ የለም አልኳት።