ወጥ የሌለው ጉርሻ

ለመምህራን የምንሰጠው የተከታታይ ምዘና ሥልጠና 3 ቀን ይፈጅ ነበር። በጀቱ ሲቆረጥ አለቃዬ «ማይክሮለርኒንግ አድርገው» አሉኝ፤ ትምህርቱን በአጭር በአጭር ቆራርሶ መስጠት ማለት ነው። ቀላል መሰለኝ። ሞጁሉን 24 ቦታ ከፋፍዬ የ4 ደቂቃ ቪዲዮ አደረግኩትና ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ለቀቅኩት። ፕሮፖዛሉ ላይ ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ስለ መርሳት ያሳተመውን ሳይቀር ጠቅሻለሁ። ሰው የተማረውን እየቆየ መለስ ካላለበት ይረሳዋል፣ ነገሩ ይኸው ነው። ከ24ቱ ቪዲዮ ግን መለስ የሚል አንድም አልነበረም።

ከግሩፑ የመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ «አበል አለው?» የሚል ነበር። ሁለተኛ ጥያቄ አልመጣም።

በሳምንቱ ጡረታ ሊወጡ የደረሱ አንዲት መምህርት ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ 7ኛውን ከፈትኩት፤ ‹ባለፈው ክፍል እንዳየነው› ይላል። 6ኛውን ከፈትኩ፤ እሱም ‹ባለፈው ክፍል እንዳየነው› ይላል። የት ነው የሚጀምረው?»

«ከ1ኛው ነዋ፣ እትዬ።»

«1ኛውማ ሙዚቃ ነው።»

ዝም አልኩ። ሎጎው ከነሙዚቃው 35 ሴኮንድ ይፈጃል። ይግባ ያሉት አለቃዬ ናቸው። ዳታውን ደግሞ መምህራኑ ከኪሳቸው ነው የሚገዙት።

«እንጀራውን በጉርሻ በጉርሻ ቆራርሰኸዋል» አሉኝ። «ወጡን ረሳኸው እንጂ።»

እውነቱን ልናገር፣ በገንኩ። ሦስት ሌሊት ኤዲት ሳደርግ አድሬ! ስልኩን እንደዘጋሁ ለባልደረባዬ «እነዚህ ሰዎች መማር አይፈልጉም» አልኩት።

የዚያኑ ዕለት ማታ ሴትየዋ ግሩፑ ላይ የ50 ሴኮንድ ድምፅ ላኩ። «ነገ ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ 3 ደቂቃ ሲቀረው ለልጆቹ ብጣሽ ወረቀት ስጧቸው። ዛሬ ያልገባችሁን አንድ ነገር ጻፉ በሏቸው። ማታ ያገኛችሁትን እዚህ ንገሩኝ።» አለቀ። ከጀርባ ዶሮ ይጮሃል።

በነጋታው ማታ ግሩፑ ቀወጠው። አንዱ መምህር ክፍልፋይ አስተምሬ ጨረስኩ ብሎ ምዕራፍ ሊቀይር ሲል ግማሹ ክፍል «ታህት ምንድን ነው?» ብሎ ጽፎለት አገኘ። ከአራት ቀን በኋላ ደግሞ እትዬ ሌላ ድምፅ ላኩ፦ «ወረቀቱ ላይ ምን ነበር የተጻፈው? ሳታዩ ንገሩኝ።» ኤቢንግሃውስን በስም የሚያውቁት አይመስለኝም።

የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ «24 ቪዲዮዎች ተዘጋጅተው ተሠራጭተዋል» ተባለ። የእትዬ ድምፅ «የተሳታፊዎች አስተያየት» በሚለው ሥር ገባ። ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አሁን ለሌላ ሥልጠና 12 ቪዲዮ እየሠራሁ ነው። ሎጎውን ወደ 20 ሴኮንድ አውርጄዋለሁ።