አድሚን የሚሉት ሰውዬ ይያዝልኝ!

ቡሬ ላይ የእህል መጋዘን ላላቸው አንድ ጋሼ ስምንት ካሜራና አንድ ዲቪአር፣ ካሜራዎቹ የሚያዩትን የሚቀርጸውን ሣጥን፣ ገጠምሁ። ገጥሜ ብሄድ ጥሩ ነበር። ሙያዬን ላሳይ ብዬ የብልሽት ማስጠንቀቂያውን ከፈትሁት።

ዲቪአር ሕመሙን የሚናገርበት ቦታ አለው። ሃርድ ዲስክ ሲሞላ ወይም ሲበላሽ፣ የኔትወርክ ገመድ ሲነቀል፣ ሰው የተሳሳተ ፓስወርድ ሲያስገባ ምን ላድርግ ብሎ ይጠይቃል። ልጩህ? ኢሜይል ልላክ? እኔ ሁሉም ላይ «ይጩህ» አልሁት።

መጋዘኑ ኢንተርኔት የለውም። ስሠራ የነበረው ላፕቶፔን በኔትወርክ ገመድ አገናኝቼ ነው። ስጨርስ ገመዴን ነቅዬ፣ ሂሳቤን ተቀብዬ ወደ ደብረ ማርቆስ ተሳፈርሁ። ገመዱ ከተነቀለ ጀምሮ ለካ ዲቪአሩ ይጮሃል! ጎን ያለው ወፍጮ ቤት እያጓራ ማን ይስማው?

በሳምንቱ ጋሼ ደወሉ። «አንተ ልጅ፣ ካሜራህ ሌሊት ሌሊት አይቀርጽም።»

«የመብራት ችግር ነው ጋሼ፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዩፒኤስ ይግዙ» አልሁ፣ ሳላይ። ገዙ። አሁንም የለም።

ደምበጫንና ፍኖተ ሰላምን አልፌ ተመልሼ ሄድሁ። ሎጉን፣ የዲቪአሩን የውሎ መዝገብ፣ ስከፍት በየቀኑ ያው ነው፤ 22 ሰዓት ገደማ ይጠፋል፣ ጠዋት ይነሣል፣ ሲነሣም «ያለ ወጉ ተዘግቼ ነበር» ብሎ ይጽፋል።

«ሃያ ሁለት ሰዓት የሚባል ሰዓት አለ እንዴ?» አሉ ጋሼ።

«በእኛ ከምሽቱ አራት ማለት ነው።»

ከመጥፋቱ በፊት ያለውን ቪዲዮ ከፈትን። ዘበኛው ናቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ይዘው ወደ ዲቪአሩ ክፍል ይሄዳሉ። ከዚያ ጨለማ። በማግስቱም ጋቢ፣ ዱላ፣ ጨለማ።

ተጠሩ። ምንም አልደነገጡም።

«ወፍጮው ሲዘጋ ጢጥ ጢጥ ይላል ጌታዬ! መጀመሪያ የጠፋች ጫጩት መስሎኝ ስንት ጆንያ በቆሎ አገላበጥሁ። ኋላ ይሄ ሣጥን ሆኖ ተገኘ። ነቀልሁት። እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት እሰካዋለሁ። ደግሞ ሌላ ሣጥን አመጣችሁ፤ እሱ ጭራሽ ሲነቅሉት ነው የሚጮኸው። አንዱን ዝም ሳሰኝ ሌላው ይነሣል!»

ሁለተኛው ሣጥን ያ በእኔ ምክር የተገዛው ዩፒኤስ ነው። ዋጋውን ባናነሣው ይሻላል።

ጋሼ ግን ነገሩን ከሥሩ ሊይዙት ፈለጉ። «ሣጥኑን ጩህ ያለው ማነው?» ብለው አሥረኛ ክፍል የምትማረውን የልጅ ልጃቸውን ሎጉን አስነበቧት። ሎግ ማን ገባ፣ ማን ምን ነካ፣ ሁሉን ከነሰዓቱ ይመዘግባል።

«አድሚን ነው አባባ።»

«ሰዓቱንስ የነካካው?»

«አድሚን።»

«ፓስወርድ ሦስት ጊዜ የሳተው?»

«እሱም አድሚን ነው።»

ጋሼ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ይሄ አድሚን የሚሉት ሰውዬ ቁልፍ ከየት አገኘ? ዘበኛዬን እንቅልፍ የነሣው እሱ ነው። ይያዝልኝ!»

ዘበኛው ዱላቸውን አነሡ። ልጅቷ ወደ እኔ ዞራ ሣቋን ለቀቀችው።

እኔ አንገቴን ደፍቼ የኔትወርኩን ጩኸት እያጠፋሁ ነበር። ያንንም ዲቪአሩ ወዲያው ጻፈው፤ አድሚን ብሎ።