አንተን ማን ይጠይቅሃል?

ጌታ ይባረክ! በቅርቡ ደብረ ሲና ላይ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆኖ የተመረጠ አንድ ወጣት ወንድም ደወለልኝና «መሪ ሳይዝል የሚቆየው እንዴት ነው?» አለኝ። የፈለገው ምክር ነበር። እኔ ደግሞ ምክር ብዙም አይሆንልኝም። ጌታ ያደረገልኝን ልንገርህ ብዬ አወራሁት። ስጨርስ «ይህን ጻፈው እንጂ» አለኝ። እነሆ ጻፍኩት።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ሥራዬ መምህርነት ነው። በቤተ ክርስቲያን ደግሞ የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ሆኜ አገለግላለሁ። ጉባኤያችን ትንሽ ናት። በከተማችን የወንጌል አማኞች ብዙ አይደለንም። ስለዚህ አንድ ሰው ሰባኪም ነው፣ አስታራቂም ነው፣ ለቅሶ ደራሽም ነው። ቆጣሪ ሲቃጠል መብራት ኃይል ሄዶ የሚሰለፈውም እሱ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና አካባቢ ሲደርስ ከተማችን በሰው ተጥለቀለቀች። ከዚያ በፊትም ከአጣዬ የመጡ ነበሩ። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ የውርጭ ጊዜ ነው፤ ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። ሰዉ በነጠላና በሸበጥ መጣ። ልጆቹ ከንፈራቸው ተሰነጣጠቀ። አዳራሻችንን ከፈትን። አግዳሚዎቹን ደጅ አውጥተን ካርቶን አነጠፍን። ብርድ ልብስ ለመንን። የሠፈራችን ኦርቶዶክስ እናቶች ድፎ ዳቦ ተሸክመው መጡ። ሙስሊም ጎረቤታችን ትልቁን የድግስ ድስቱን አዋሰን፤ ንፍሮው በሱ ተቀቀለ።

እውነቱን ለመናገር ያኔ አልደከመኝም። ደከመኝ ለማለትም ጊዜ አልነበረም። አደጋ ሲመጣ ሰው ከየት እንደሆነ እንጃ ጉልበት ያገኛል። የሚጥለው ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ከዚያ በኋላ ምን መጣ? ስንዴና ዘይት መጣ። ስንዴና ዘይት ሲመጣ ደግሞ ክርክር መጣ። እገሌ ሁለት ጊዜ ደረሰው፣ እገሊት ተዘለለች። «ለዘመዶቹ ነው የሚያድለው» ተባልኩ። ከመጡት ውስጥ አንድም ዘመድ አልነበረኝም። በዚህ መሃል ለመዝሙር ኪቦርድ ይገዛ አይገዛ የሚል ሌላ ጭቅጭቅ ተነሣ። ሰው ካርቶን ላይ ተኝቶ ስለ ኪቦርድ መነጋገራችን ዛሬም ይገርመኛል። በዚያ ሰበብ ከጥንት ጀምሮ አብረውን የነበሩ ቤተሰቦች ተቀይመው ሄዱ። ስልኬ ሌሊት ይጮሃል። ድምፁን ባጠፋው ደግሞ መብራቱ ጣሪያው ላይ ብልጭ ይላል።

ቀስ በቀስ አንድ ነገር አስተዋልኩ። የስብሰባ ቀን ዝናብ ሲጥል ደስ ይለኝ ጀመር። ሰው አይመጣማ! መድረክ ላይ ቆሜ «በርቱ» እያልኩ ዓይኔ ግድግዳው ላይ ካለው ሰዓት አይነቀልም። ባለቤቴ አንድ ጠዋት ቡና እየቀዳች «በእንቅልፍህ ስም ትጠራለህ» አለችኝ። «የማንን?» አልኳት ደንግጬ። «የሁሉንም። ከነቤተሰብ ብዛታቸው።» የእርዳታ መዝገቡን ነበር የማነበው።

በዚያ ሰሞን የመልቀቂያ ደብዳቤ ጻፍኩ። ከልጄ ደብተር አንድ ቅጠል ገንጥዬ። መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ተንበርክኬ «ጌታ ሆይ፣ በቃኝ። ወይ ለሕዝብህ ሌላ ሰው ስጣቸው፣ ወይ አንድ ነገር አድርግ» አልኩ። ረጅም ጸሎት አልነበረም። ረጅም ለመጸለይም አቅም አልነበረኝም። ድምፅ አልሰማሁም፣ ሕልም አላየሁም። ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ ሥር ተኝቶ «ይበቃኛል» ባለ ጊዜ ጌታ አልተቆጣውም። መልአክ ነካውና «ተነሥተህ ብላ» አለው። እንጎቻ ቀረበለት፣ ውኃ ቀረበለት፣ ደግሞ ተኛ። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰብኬዋለሁ። አሁን ግን እንጎቻውን የሚያመጣው የት አለ እያልኩ ነበር።

ከመንዝ መጣ።

ጋሼ እላቸዋለሁ። የመሐል ሜዳ ሰው ናቸው፤ በዚያ አካባቢ ለረጅም ዘመን ያገለገሉ አዛውንት። በሌሊት አውቶቡስ ተሳፍረው፣ በጣርማ በር ዞረው መጥተው አመሻሽ ላይ በራችንን አንኳኩ። ጥቁር በርኖስ ለብሰዋል። በአንድ እጃቸው ዱላ፣ በሌላው አንድ ከረጢት በሶ። ዓይናቸው ሞራ ስለጋረደው ደብረ ብርሃን የሕክምና ቀጠሮ እንዳላቸው አውቃለሁ። ግን ቀኑ ገና ነበር።

«ጋሼ፣ ቀጠሮዎ ተቀየረ እንዴ?»

«የለም፣ ገና ነው። ልቤ ዕረፍት አጣ፤ መጣሁ።»

ተቀመጡና በሶውን ራሳቸው አሹት። ጨውና ድቁስ ጣል አደረጉበት። አንዱን ጭብጥ ለእኔ ሰጥተው «ብላ» አሉኝ። ስበላ ዝም ብለው ያዩኛል። በዚያ ዓይናቸው እንኳ ምን ያህል እንዳዩኝ እንጃ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

«ሰዉን ሁሉ ትጠይቃለህ አሉ። የታመመውን፣ ያዘነውን፣ የተፈናቀለውን። አንተን ማን ይጠይቅሃል?»

መልስ አጣሁ። ተነሥቼ ደብዳቤውን አመጣሁና አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ለጌታ ነግረኸዋል?»

«ነግሬዋለሁ።»

«ምን አለህ?»

«ዝም አለ።»

«ዝም አላለም እንጂ! እኔን በሌሊት ከመሐል ሜዳ አስነሥቶኛል እኮ!»

ባለቤቴ ከጓዳ ሳቀች። እኔ አለቀስኩ። ካለቀስኩ ቆይቼ ነበር።

ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በሁለተኛው መልእክቱ ምዕራፍ 7 ላይ መቄዶንያ ሳለ በውጭ ጠብ፣ በውስጥ ፍርሃት እንደነበረበት ይናገራል። ያን ጊዜ ያጽናናው በራእይ አልነበረም። እግዚአብሔር «በቲቶ መምጣት» አጽናናን ይላል። አንድ ሰው መንገድ ተጉዞ፣ አቧራ ለብሶ፣ በር አንኳኳ። ጥቅሱን ከዚያ በፊትም አውቀው ነበር። ቲቶ ግን በሶ ይዞ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።

ማግስቱ ቅዳሜ ነበር። «ተኛ፤ በሩ የእኔ ነው» አሉኝ። ስነቃ አምስት ሰዓት አልፏል። ወጥቼ ባይ ጋሼ የግቢው በር ላይ በርጩማ አስወጥተው፣ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ተቀምጠዋል። ስልኬ ጭናቸው ላይ ይጮሃል። «ይህ ነገር እንዴት ነው የሚዘጋው? ለነገሩ ተወው፣ ሲደክመው ዝም ይላል» አሉኝ። አንዲት ተፈናቃይ እናት በዘይት ጉዳይ ሊያነጋግሩኝ መጥተው ነበር አሉ። ጋሼ ዘይት የላቸውም። አስቀምጠው የመጡበትን መንገድ ከመነሻው አስተረኳቸው፣ ጸለዩላቸው፣ ከበሶው ቋጠሩላቸው። ሴትዮዋ መርቀው ሄዱ። እኔ ብሆን መዝገቡን ገልጬ ስማቸውን ነበር የምፈልገው።

ያን ምሽት ጋሼ ሴት ልጄን ጳውሎስ ወደ ጢሞቴዎስ የጻፈውን ሁለተኛ መልእክት ምዕራፍ 4 እንድታነብላቸው ጠየቋት። ጳውሎስ እስር ቤት ነው፤ መሞቻው ቀርቧል። ዴማስ ትቶታል። ሉቃስ ብቻ አብሮት አለ። ማርቆስን ይዘህልኝ ና ይላል፣ መጻሕፍቱን ይላል፣ በጢሮአዳ የተውኩትን በርኖስ ይላል። ልጄ «ከክረምት በፊት እንድትመጣ ትጋ» የሚለው ላይ ስትደርስ ጋሼ አስቆሟት። በርኖሳቸውን ያዝ አደረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ያን የሚያህል ሐዋርያ በረደኝ አለ። ልብሴን አምጡልኝ አለ። ብቻዬን ነኝ፣ ቶሎ ድረሱልኝ አለ። አንተስ በረደኝ ያልከው መቼ ነው?»

በመንዝ ብርድ ያረጀ ሰው ይህን ሲናገር መከራከር አይቻልም።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሽማግሌዎቹን ቤት ጠሯቸው፤ እኔን ሳያማክሩ። «ይህ ሰው እየወደቀባችሁ ነው» አሏቸው። ወንድሞቼ ደነገጡ። አንዱ «እኛ እኮ የማይደክመው መስሎን ነው» አለ። ከልቡ ነበር። ስለ ጺቅላግ ያወራነው ያኔ ነው። በአንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 30 ላይ ከተማዋ ተቃጥላ፣ ሚስትና ልጅ ተማርኮ፣ የገዛ ሰዎቹ ዳዊትን ሊወግሩት ተነጋገሩ። «ዳዊት ግን በአምላኩ በእግዚአብሔር ልቡን አጽናና» ይላል። እዚች ጥቅስ ላይ ነው ሁላችንም የምናቆመው፤ ለስብከት ትመቻለቻ! ጋሼ ግን ወደ ታች ቀጥሉ አሉን። ዳዊት ከ600 ሰዎች ጋር ወጣ። 200ዎቹ ደከሙና ወንዙ ዳር ቀሩ። ዳዊት አልሰደባቸውም። ድል አድርጎ ሲመለስ አንዳንዶች ለእነዚህ ምርኮ አይሰጣቸው አሉ። እሱ እንቢ አለ። ዕቃ የጠበቀውም ሰልፍ የወረደውም እኩል ይካፈል አለ፤ ይህም በእስራኤል ሥርዓት ሆኖ ቀረ። በራሱ ላይ ድንጋይ ሊያነሡ የነበሩ ሰዎች ባሉበት ለደከሙት የተሟገተ መሪ ነው። ልቡ በአምላኩ ስለጸና ይመስለኛል ለሌላው ድካም ቦታ ያገኘው።

ሥራው ያን ቀን ተከፋፈለ። ለቅሶና ሕሙማን ለሁለቱ ሽማግሌዎች ሆነ። የእርዳታውን ነገር ተፈናቃዮቹ ራሳቸው ኮሚቴ መርጠው ያዙት። ሸዋ ሮቢት ሱቅ የነበራት አንዲት እህት መዝገቡን ተረከበች። መጀመሪያ ያደረገችው ምን መሰላችሁ? የገባውንና የወጣውን ጽፋ አዳራሹ በር ላይ ለጠፈችው። ሰዉ መጥቶ ያነባል፣ ይጠይቃል፣ ይሄዳል። ያ ሁሉ ሐሜት በዚያ ወረቀት ረገበ። ጌታ ሸክሙን አንሣልኝ ስለው እንዲህ ብሎ ያነሣዋል ብዬ አልጠበቅኩም። ሌሊት ስም መጥራቴም ቀረ፤ ምስክሬ ባለቤቴ ናት።

ሌላም የተረፈን ነገር አለ። በየከተማው ያለን መሪዎች በየወሩ እንገናኛለን፤ ከደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢት፣ መንገድ ሲመቻቸው ከመሐል ሜዳም። በተራ በየቤታችን ነው። አጀንዳ የለም። ሪፖርት ማቅረብ ክልክል ነው። ስንት ሰው ዳነ፣ ስንት ተጠመቀ አይባልም። «አንተ እንዴት ነህ? ትዳርህስ? እንቅልፍህስ?» ነው። ከዚያ አንዱን መሃል አስቀምጠን እንጸልይለታለን። ሸዋ ሮቢት ስንሄድ ጣርማ በርን አልፈን ስንወርድ ጃኬታችንን እንጠቀልላለን። ጉሙ ውስጥ ተጉዞ፣ ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ አልፎ፣ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ሲታጠፉ ሙቀቱ ይቀበላል። በመልሱ ጉዞ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሳይገዛ የሚያልፍ የለም። ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ፤ አንዳንዱ ወንድም ሲመጣ አገልግሎት ሊተው ወስኖ ነው የሚመጣው። ምንም ሳንመክረው፣ በልቶ፣ ተጸልዮለት፣ ስቆ ይመለሳል። እንዲያም ሆኖ የሚተው አለ። እሱንም አንፈርድበትም፤ ዕረፍት የሚያስፈልገው ሰው አለ።

የጋሼ ዓይን ሞራው ተገፎ ደህና ሆነ፤ አሁን ራሳቸው ያነባሉ። እኛም ወደ መሐል ሜዳ ስንወጣ ባዶ እጃችንን አንሄድም፤ ቡናና ስኳር እንይዛለን።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ አልልም። ኪቦርዱ አልተገዛም። ተቀይመው የሄዱት ቤተሰቦችም አልተመለሱም፤ እንጸልይላቸዋለን። ባለፈው ቅዳሜ ከአባወራዎቹ አንዱን ገበያ አገኘሁት። በግ ሊገዛ መጥቶ ዋጋው አልቀመስ ብሎታል። ሰላም ተባባልን፤ ትልቁ ልጁ ዩኒቨርሲቲ እንደገባ ነገረኝ። ስለ ጉባኤው አላነሣንም። በሚመጣው ሳምንት ከባለቤቴ ጋር ቤቱ ሄደን እንኳን ደስ አላችሁ ልንላቸው ተስማምተናል።