የሰፈሩ ትምህርት ቤት የሚመሰገንበት

በአዲስ አበባ ልጆቻቸውን በሰፈራቸው የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ወላጆች ትምህርት ቤቱን ሲያመሰግኑ የሚያነሷቸው ነገሮች ትልልቅ አይመስሉም። ልጁ ጠግቦ መዋሉን፣ በእግሩ ሄዶ መመለሱን፣ የተማረውን ቤት መጥቶ በራሱ ቋንቋ ማስረዳቱን ነው የሚያወሩት። ከውጭ ላለ ሰው ይህ አቅም ያነሰው ሰው መጽናኛ ሊመስለው ይችላል። እኔ ግን የትምህርት መሠረት እነዚህ ናቸው ብዬ አምናለሁ። እያንዳንዱም የሚበላሽበት የራሱ ቀዳዳ ስላለው፣ መልካሙን ብቻ ጽፎ ማለፍ ወላጅን አይጠቅምም።

ከምግቡ ልጀምር። የከተማ አስተዳደሩ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ልጆች ቁርስና ምሳ ያቀርባል፤ ደንብ ልብስና ደብተርም ይሰጣል። ከዚያ በፊትም የእናት ወግ በጎ አድራጎት ማኅበር የጀመረው ምገባ ነበር፤ የሚበሉት ግን ችግራቸው ታይቶ የተመረጡ ልጆች ነበሩ። ወላጆች ከሁሉ አብልጠው የሚያመሰግኑት ይህ ልዩነት መቅረቱን ነው። ሁሉም አብሮ ሲበላ ማን የደሃ ልጅ እንደሆነ አይታወቅም። ባዶ ሆዱን መጥቶ በሰልፍ ላይ የሚወድቅ ልጅ የነበረበትን ጊዜ የሚያስታውሱ መምህራን አሁንም በየትምህርት ቤቱ አሉ። ልጁ ጠዋት የሚቀርበት ምክንያት ቁርስ ማጣት ከሆነ፣ ቁርሱ ትምህርት ቤት ሲሆን የሚቀርበት ምክንያት አይኖርም።

ምግቡን የሚያበስሉት በማኅበር የተደራጁ የአካባቢው እናቶች ናቸው። ቁርሱ እንደ ቀኑ ዳቦ በሻይ፣ ፍርፍር፣ ቅንጬ ወይም ሩዝ ይሆናል፤ ምሳው በአብዛኛው እንጀራ በሽሮ፣ በምስር ወይም በአትክልት ነው። አብሳዮቹ ከዚያው ሰፈር መሆናቸው ሥራ ከመፍጠሩም ሌላ አንድ ጥቅም አለው። ልጆቹን በስም ያውቋቸዋል፤ የማይበላውን፣ የሚደብቀውን፣ ለታናሹ የሚቋጥረውን ለይተው ያያሉ።

የሚበላሸው የት ነው? መጀመሪያ ሰዓቱ ላይ። የመመገቢያው ቦታ ከልጆቹ ቁጥር ካነሰ ምሳ በዙር ይሆናል። የመጀመሪያው ዙር 15 ደቂቃ ከዘገየ መዘግየቱ ወደ መጨረሻው ዙር እየተንከባለለ ይደርሳል፤ መጨረሻ የሚበሉት ክፍሎች ከሰዓት በኋላ ካላቸው የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ከሲሶ በላዩን ያጣሉ። በየቀኑ የሚያጡት እነዚያው ክፍሎች ከሆኑ ደግሞ በሰሚስተሩ መጨረሻ በዚያ ትምህርት ወደ ኋላ ቀርተው ይገኛሉ። መፍትሔው የዙሩን ተራ በየሳምንቱ ማዛወር ነው። ትንንሾቹ ግን ሁልጊዜ መቅደም አለባቸው፤ ቀስ ብለው ስለሚበሉ ከትልልቆቹ ጋር ሲቀላቀሉ ሳይጠግቡ ይነሳሉ።

ሁለተኛው ውኃ ነው። ውኃ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚቀረው የእጅ መታጠብ ነው፤ ምግቡ አይቀርም፣ ሳሙናው ይቀራል። ስለዚህ ትምህርት ቤት የሄደ ወላጅ ወጡን ከመቅመሱ በፊት ሮቶው መሙላቱን፣ ከመመገቢያው በር አጠገብ የእጅ መታጠቢያና ሳሙና መኖሩን፣ ሳህኖቹ በምን እንደሚታጠቡና የት እንደሚደርቁ ይይ። በጨርቅ የሚወለወል ሳህን በፀሐይና በነፋስ ከሚደርቀው ይልቅ ለበሽታ የተጋለጠ ነው። ልጁ የማይስማማው ምግብ ካለም ለስም ጠሪው መምህር ብቻ መንገር አይበቃም፤ የሚያበስሉት እናቶችም መስማት አለባቸው፤ ጭልፋው በእነሱ እጅ ነው።

ቅርበቱ ብዙ አያጽፍም፤ ግን ቀላል አይደለም። በእግሩ የሚሄድ ልጅ ታክሲ ሰልፍ ላይ ጠዋቱን አይጨርስም፤ ዝናብ ሲጥል፣ ሲያመው፣ ወላጅ በሥራ ሲዘገይ ጎረቤት ሄዶ ያመጣዋል። የክፍል ጓደኛው የሰፈር ጓደኛው ስለሆነ የቀረበትን ማስታወሻ ማታውኑ ይገለብጣል።

ወደ ቋንቋው ስመጣ ብዙ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ወላጆች ዋጋውን በሙሉ ያልተረዱት ሀብት ይኸው ይመስለኛል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ወሰነ። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጁ እስከ ስድስተኛ ክፍል ሒሳቡንም ሳይንሱንም በአማርኛ ይማራል፤ በአፋን ኦሮሞ የሚያስተምሩም አሉ። ይህ ማለት ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠች እናት የአራተኛ ክፍል ልጇን የቤት ሥራ ማየት ትችላለች ማለት ነው። ልጁ ተክል ምግቡን በቅጠሉ እንደሚያዘጋጅ ሲማር ነገሩን ይረዳዋል፤ በማያውቀው ቋንቋ ቢሆን ኖሮ ዓረፍተ ነገሩን ይሸመድደው ነበር። በየግል ትምህርት ቤቱ በእንግሊዝኛ ስለሚነበነበው ትምህርት የሚቀኑ ወላጆች እዚያ የሚማረውን ልጅ «ምን ማለት ነው?» ብለው ይጠይቁት፤ መልሱ ልዩነቱን ያሳያቸዋል።

ሆኖም ልጁ በአማርኛ መማሩ ማንበብ መቻሉን አያረጋግጥም። በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል ትልቁ አደጋ ዜማው ነው። ሃምሳና ከዚያ በላይ ልጅ ባለበት ክፍል ምንባቡ በኅብረት ጮክ ተብሎ ይባላል፤ ልጁ ገጹን በቃሉ ይይዘዋል፤ ቤት መጥቶም መጽሐፉን ገልጦ «ሲያነብ» ወላጁ ደስ ይለዋል። መፈተኛው ቀላል ነው። ከገጹ መካከል አንድ ቃል በጣት ማሳየት፤ ቀጥሎ ዓረፍተ ነገሩን ከመጨረሻው ቃል ወደ መጀመሪያው ማስነበብ፤ በመጨረሻ አይቶት የማያውቀውን ጽሑፍ፣ የሱቅ ማስታወቂያም ቢሆን፣ ማስነበብ። በቃሉ የያዘ ልጅ ገና በመጀመሪያው ላይ ይቆማል።

የሚቆምበት ፊደልም ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሣልስና ኃምስ ይምታቱበታል፤ ሁለቱም በቀኝ እግራቸው ላይ ነው ምልክታቸው፣ አንዱ ጭረት፣ ሌላው ቀለበት። ሳድስ ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል፤ ቅርጹ ከአንዱ የፊደል ቤት ወደ ሌላው አንድ ሥርዓት ስለሌለው እያንዳንዱ ለብቻው መታወቅ አለበት። ልጁ የሚሳሳተው ሳድስ ላይ ከሆነ ገበታውን ከሀ እስከ ፐ እንደገና ማስዘመር ጊዜ ማባከን ነው። የሳድሱን ዓምድ ብቻ በካርቶን ቆራርጦ፣ አደባልቆ፣ በቀን አምስት ፊደል ማሳየት ይበልጣል። ለዚህ ማታ አሥር ደቂቃ ይበቃል።

ሌላው ስንጥቅ ሰባተኛ ክፍል ላይ ይመጣል። ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ሲገለበጥ በስድስተኛ ክፍል ጎበዝ የነበረው ልጅ በአንድ ሰሚስተር ውስጥ ዝም ይላል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ የሚያውቀው ነገር በማያውቀው ስም ስለተጠራበት ነው። ይህን ለመከላከል አምስተኛ ክፍል ላይ አንድ ደብተር መለየት ይጠቅማል፤ በግራ ገጽ የሳይንሱና የሒሳቡ ቃል በአማርኛ፣ በቀኝ ገጽ በእንግሊዝኛ፣ ከሥሩ ልጁ ራሱ የሠራው አጭር ዓረፍተ ነገር። በሳምንት አሥር ቃል ከበቂ በላይ ነው። መቅደም ያለባቸው ደግሞ የትዕዛዝ ቃላት ናቸው፦ አወዳድር፣ ዘርዝር፣ ምክንያቱን ግለጽ፣ ባዶ ቦታውን ሙላ። መልሱን የሚያውቅ ልጅ ጥያቄው ምን እንዳዘዘው ስላልገባው ነጥብ ማጣቱ ያሳዝናል። የስምንተኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና የሚመጣው ከዚህ ሽግግር በኋላ በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ለማገገም ያለው ጊዜ አጭር ነው። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከግማሽ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲሰማ ሁሉም ወደ ሁለተኛ ደረጃ መምህራን ይጠቁማል። እኔ የሰባተኛ ክፍልን የመጀመሪያ ሰሚስተርና የሁለተኛ ክፍልን ንባብ አስቀድሜ እጠይቃለሁ።

መጽሐፍ በነፃ ይሰጣል፤ በውሰት ነው፣ በዓመቱ መጨረሻ ይመለሳል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል ኅትመቱ ስላልደረሰ በብዙ ቦታ አንድ መጽሐፍ ለብዙ ልጅ ሆነ፤ ብዙ ወላጅም በቴሌግራም የሚዞረውን ቅጂ በስልኩ ለማስነበብ ተገደደ። ሙሉውን ማሳተም ውድ ነው። የየምዕራፉን መልመጃ ብቻ ማተም ወጪውን ይቀንሳል፤ ምንባቡንና ማብራሪያውን ከስልክ ማንበብ ይቻላል፣ መልመጃ ግን ያለ ወረቀት አይሠራም። መጽሐፉ የደረሰው ልጅ በላስቲክ ይሸፍነው፤ መለያ ቁጥሩንም ወላጅ ቤት ይመዝግበው፤ ሰኔ ላይ መጽሐፍ ሲቀያየር ባለቤቱን የሚለየው ቁጥሩ ነው።

የአካል ጉዳት ወይም የመማር ችግር ያለባቸው ልጆች ወላጆች ምስጋና ለየት ይላል። የግል ትምህርት ቤት በራፍ ላይ «ለእሱ የሚሆን መምህር የለንም» የተባሉ ብዙዎች ናቸው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ግን ልጁን የመቀበል ግዴታ አለበት፤ በአንዳንዶቹም የልዩ ፍላጎት መምህርና የድጋፍ ክፍል አለ። ድጋፉ በየቦታው እኩል አይደለም፤ መምህሩ አንድ ሆኖ ልጆቹ ብዙ የሚሆኑበት ጊዜ ይበዛል። ቢሆንም ወላጅ ዝርዝር ይዞ ከቀረበ የሚገኝ ነገር አለ፦ ከፊት ረድፍ እንዲቀመጥ፣ ፊቱም ወደ መስኮቱ ብርሃን እንዳይዞር፤ ፈተናው በትልቅ ጽሑፍ እንዲባዛለት፤ ተጨማሪ ደቂቃ እንዲሰጠው። «እርዱልኝ» ብቻ ብሎ መሄድ መምህሩን ግራ ያጋባዋል።

ስም ጠሪውን ማነጋገርም እንዲሁ ነው። ካርድ በሚሰጥበት ቀን «ልጄ እንዴት ነው?» የሚል ወላጅ «ደህና ነው፣ ትንሽ ይረብሻል» ተብሎ ይመለሳል። ኅዳር ላይ፣ የመጀመሪያ ሰሚስተር ፈተና ሳይደርስ፣ ደብተሮቹን ይዞ መሄድ ይሻላል። የማርክ ሊስቱን ድምር ትቶ ዝርዝሩን መጠየቅ፤ የቀነሰው በቤት ሥራ ነው፣ በቡድን ሥራ ወይስ በአጭር ፈተና? በቤት ሥራ ከሆነ ችግሩ ቤት ነው፤ በአጭር ፈተና ከሆነ የትኛው ምዕራፍ ላይ እንደሆነ ይጠየቃል፤ በቡድን ሥራ ከሆነ ልጁ ከማን ጋር እንደተመደበ። መምህሩ ክፍል ሊገባ ሲል በበር ላይ ማስቆም ለማንም አይበጅም፤ ባዶ ክፍለ ጊዜው መቼ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላል።

ከስሙ ጋር የተያያዘ አንድ ጥንቃቄም አለ። ልጁ ሲመዘገብ የልደት የምስክር ወረቀቱ ላይ ያለው ስምና ዕድሜ በትክክል መግባቱን፣ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲመዘገብም የእንግሊዝኛ አጻጻፉ ከዚያው ጋር አንድ መሆኑን ወላጅ በዓይኑ ይይ። አንድ ፊደል የተለየበት ስም ቆይቶ በሌላ ሰነድ ላይ ሲገጥም ማስተካከያው በየቢሮው ያንከራትታል፤ በምዝገባው ቅጽ ላይ ግን በእስክሪብቶ ይታረማል።

የሚቀረው ወመተህ ነው፣ የወላጅ፣ የመምህርና የተማሪ ኅብረት። በሰፈር ትምህርት ቤት ወላጅ ደንበኛ አይደለም፤ የማዘዝ ባይሆንም የመጠየቅ መብት አለው። ኅብረቱ የትምህርት ቤቱን ዓመታዊ ዕቅድ ይመለከታል፤ የድጎማ ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ የመጠየቅ ሥልጣን አለው። ከላይ የዘረዘርኩት ሁሉ፣ የምሳው ዙር፣ ሮቶው፣ የመጽሐፉ ክፍፍል፣ በአንድ ወላጅ ቅሬታ አይፈታም፤ በኅብረቱ ቃለ ጉባኤ ላይ ሲሰፍር ግን ርዕሰ መምህሩ ለወረዳው የሚያቀርበው ጽሑፍ ይሆናል። ኅብረቱ የሚዳከመው ስብሰባው በሥራ ቀን ረፋድ ላይ ሲጠራ ነው። ያን ጊዜ የሚገኙት ሁልጊዜ እነዚያው ጥቂት ሰዎች ይሆናሉ፤ የቀን ሠራተኛዋ እናት አትመጣም። ቅዳሜ ከሰዓት ይሁን ብሎ መጠየቅ ቀላል ጥያቄ ነው፤ ብዙ ርዕሰ መምህራንም ይቀበሉታል።

ስብሰባው ላይ የተገኘ ወላጅ የመጨረሻውን የኢንስፔክሽን ውጤት ይጠይቅ። ትምህርት ቤቶች በ26 ስታንዳርዶች ተመዝነው ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይሰጣቸዋል፤ ደረጃ 3 መስፈርቱን ያሟላ ማለት ነው፤ አብዛኞቹ ከዚያ በታች መሆናቸውን የትምህርት ሚኒስቴር ራሱ በተደጋጋሚ ተናግሯል። ደረጃውን ብቻ ሰምቶ መደንገጥ ግን አይጠቅምም። ዝቅተኛ ነጥብ ያገኙት ስታንዳርዶች የትኞቹ እንደሆኑ ማየት ያስፈልጋል። ሕንፃና ቤተ ሙከራ ከሆነ የበጀት ጉዳይ ነው፣ ዓመታት ይወስዳል። የመምህራን የእርስ በርስ ድጋፍ ወይም የወላጅ ተሳትፎ ከሆነ ግን በዚያው ዓመት ሊስተካከል የሚችል ነው፤ በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ላይ መጀመሪያ መያዝ ያለበትም እሱ ነው።