ዱቄቱ ገበያ ወጣ

ነሐሴ 2013 ደሴ ላይ ዝናቡ አላባራ ብሎ፣ ጦሳ ተራራም ከጉም ውስጥ ብቅ ሳይል ይውላል። ከቆቦ፣ ከወልድያና ከመርሳ ጦርነቱ ያፈናቀለው ሕዝብ ወደ ከተማዋ ይጎርፋል፤ ትምህርት ቤቶቹ ሞልተዋል። በዚያን ጊዜ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ አገልግሎት አስተባባሪ ነበርኩ። መምህራን ከደመወዛቸው ባዋጡት ገንዘብ የስንዴ ዱቄት ገዝተን አንድ ትምህርት ቤት ሄድን።

መመዝገቢያ ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ፤ ስድስት ገጽ። ዛሬም ሳስታውሰው ያሳፍረኛል። ወንበሮቹ ግቢ ውስጥ ተቆልለው ዝናብ ይመታቸዋል፤ ሰሌዳው ላይ የክፍልፋይ ሒሳብ እንደተጻፈ ነው። ከሰሌዳው ሥር የተቀመጠች፣ ነጠላዋ የራሰ እናት «ከዚህ በፊት የሥነ ልቦና ምክር አገልግሎት አግኝተው ያውቃሉ?» ብዬ ብጠይቃት «ምን አልከኝ ልጄ?» አለችኝ። እኔም «አይ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ አለፍኩ።

በሦስተኛው ቀን ዱቄታችን ገበያ ላይ በርካሽ ሲሸጥ አየሁት። ደሜ ፈላ። «ተረጂዎች እርዳታውን እየሸጡ ነው» የሚል ሪፖርት ስጽፍ፣ የሰፈሩ ተወላጅ የሆነ ባልደረባዬ «ከመላክህ በፊት የቅሬውን ዳኛ አነጋግር» አለኝ። በሌላው አገር ዕድር የሚባለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል።

አዛውንቱ ቡና እየጠጡ ነበር፤ ቶናው እስኪቀዳ ድረስ ወሬ አላስጀመሩኝም።

«ሸኽዬ፣ የሰጠናቸውን ዱቄት እየሸጡት ነው።»

«ምጣድ ሰጥታችኋቸዋል?»

ዝም አልኩ።

«እንጨትስ? ታዲያ በውኃ በጥብጠው ይጠጡት? ሸጠው ዳቦ ገዙበታ!»

ከዚያ ጠርዙ የተበላ ደብተር አወጡ። በየአባሉ ስም ትይዩ በእስክሪብቶ ተጽፏል፦ «እንግዳ 7»፣ «እንግዳ 4፣ አንዷ አራስ፣ ከመርሳ»። ተፈናቃይ የሚል ቃል የለበትም። እኛ የቆጠርነው ትምህርት ቤት ያደረውን ብቻ ነበር፤ በየቤቱ የተጠጋውን፣ ያንን ሁሉ ሰው፣ ስድስት ገጹ ቅጻችን አላየውም።

ሪፖርቱን ቀደድኩት። የቅሬው ትልልቅ ድስቶችና ድንኳን ወጡ፤ የሰፈሩ ሴቶች ዱቄቱን እየተከፋፈሉ በየተራ ጋገሩ። ከእኛ የተፈለገው እንጨትና መኪና ብቻ ነበር። የነርስ መምህራን ደብተሩን ተከትለው አራሶቹን ቤት ለቤት ጎበኙ፤ የሕግ መምህራን መታወቂያ ለጠፋባቸው ማመልከቻ ጻፉ። የሥነ ልቦና ባልደረቦቼ ለምክር ያዘጋጁት ክፍል ግን ሰው አልገባበትም። ቡና ወደሚፈላበት ድንኳን ሲዛወሩ ነው እናቶቹ ማውራት የጀመሩት።

ያንገበገበኝ ሌላ ነው። እንግዳ ያስጠጉት ቤቶች እህላቸው እያለቀ ስለነበር ለእነርሱም እንስጥ ስል፣ የሒሳብ ክፍሉ «የተፈቀደው ለተፈናቃይ እንጂ ለአስጠጊ አይደለም» አለ። ደብዳቤ ስንጻጻፍ ሁለት ሳምንት አለፈ። በመጨረሻ ተፈቀደ፤ እስከዚያው ግን አንዲት ባልቴት ለዘር ያስቀመጡትን ገብስ አስፈጭተው ነበር።

በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ገባ፤ እኔም ደብረ ብርሃን ሰው ቤት ተጠጋሁ። ቅጽ የሞላልኝ አልነበረም፤ መኝታና እራት ግን ነበረኝ። በታኅሣሥ ስመለስ የቢሮዬ ኮምፒውተር ከነዝርዝሩ የለም። ሸኽዬ ዘንድ ሄድኩ። ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልለው ጤፍ ጆንያ ውስጥ ቀብረውት ኖሯል። መነጽራቸውን አድርገው ቅጠሉን አገላበጡና «አንዷ አራስ» የሚለው መስመር ላይ ጣታቸውን አኖሩ። ጎኑ በአዲስ ቀለም ተጽፎበታል፦ «ወደ መርሳ ተመለሰች፣ ከነልጇ፣ አልሐምዱሊላህ»።